ጥቅሉን ሳይፈቱ ስለ መፈለግ የተደረገ ክርክር

ከሠራተኛ አስተዳደር ቢሮዬ ወጥቼ ደረጃውን ስወርድ የፓምፕ ጣቢያውን ኦፕሬተር ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁት። ዋናው የውኃ መስመር የፈነዳው ግፊት መጨመሩን እሱ ባለማሳወቁ ነው ተብሎ፣ ከሰዓት በኋላ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሊቀመጥበት ነው።

«አሳውቄያለሁ!» አለኝ ክንዴን ይዞ። «በኮምፒዩተር ጽፌ ልኬያለሁ፤ ቀኑ ግን ጠፋኝ። ጋሽ ጎተራ ካላገኙልኝ ልጆቼን ይዤ ሜዳ ላይ መውደቄ ነው።»

ጋሽ ጎተራ የምንላቸው የኮምፒዩተር ክፍሉን ኃላፊ ነው። ከየጣቢያው የሚላከው መልእክት ቦታ እንዳይፈጅ በየቀኑ እየታመቀ የሚከማቸው በእሳቸው እጅ ነው። የቆየ ነገር የፈለገ ሰው ደጃቸው ላይ ይቆማል። እሳቸውም አንዱን ፋይል ይፈቱታል፣ ከላይ እስከ ታች ያነቡታል፣ ቅጂውን ይሰርዙና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። መለመን ደግሞ ደስ ይላቸዋል። ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ አገር ያወቀው ነው።

ተያይዘን ስንገባ ጋሽ ጎተራ ላብ በላብ ሆነው ቆመዋል። ለመፍጠን ብለው የክረምቱን ፋይል በሙሉ በአንድ ጊዜ ቢፈቱት ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ ማሽኑ ቀጥ ብሏል። የክፍሉ አዲሷ ሠራተኛ አጠገባቸው እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና ሳንፈታው እንፈልግ» አለች።

«ሳይፈታ? የታሰረ ጆንያ ውስጥ ያለውን በምን ዓይንሽ ልታዪው ነው?»

«ማሽኑ ራሱ በልቡ እየፈታ ያነበዋል። ዲስኩ ላይ ምንም አይጽፍም፤ ቃሉ ያለበትን መስመር ብቻ ነው የሚያሳየን።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!»

እኔ ነገሩ አለማወቅ መስሎኝ ነበር። የለም፣ ቅናት ነው! በቀደም ሥራ አስኪያጁ በዚህ ሲያልፉ «አዲሷ እንዴት ናት?» ብለው ጠይቀው፣ የጋሽ ጎተራን ደኅንነት ሳይጠይቁ ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ የእሷ ወንበር ሲንቋቋ እንኳ ያማቸዋል።

«ይህን ክፍል ከባዶ ግድግዳ ያቆምኩት እኔ ነኝ» አሉ ደረታቸውን እየደቁ። «ስንት ዘመን ‹ጋሼ፣ ጋሼ› ስባል ኖሬ፣ ዛሬ በአንድ መስመር ትዕዛዝ ልታስረሺኝ? ቀናሁ! አዎ፣ ቀናሁ! ምን ይጠበስ?»

«እኔም እኮ በእርስዎ ስቀና ነው የከረምኩት» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ይኸው ይህ ሰው ሲጨንቀው እዚሁ የቆምኩትን እኔን አልፎ ወደ እርስዎ ሮጠ። የትኛው ፋይል የየትኛው ጣቢያ እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ስጠይቅዎ ‹ትደርሺበታለሽ› ይሉኛል።»

«አንቺ? በእኔ?»

«ኧረ በፈጠራችሁ!» ብሎ ጮኸ ኦፕሬተሩ። «እናንተ ስትቀናኑ እኔ አለቅኩ!»

 ጋሽ ጎተራ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ፤ የተፈቱትን ቅጂዎች ሰረዙና «በይ ንገሪኝ» አሏት።

«ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት ይክፈቱ። ‹ዚግሬፕ› ብለው ይጻፉ፤ የታመቀ ፋይል ውስጥ የሚፈልገው ትዕዛዝ እሱ ነው። ቀጥሎ ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ፣ ከዚያ የፋይሎቹን ስም። መጨረሻው ላይ የኮከብ ምልክት ካደረጉ ሁሉንም ያዳርሳል። ቃሉን ‹ግፊት› እንበለው?»

«እንዴት ይሆናል! ግፊትማ ሁሉም ጣቢያ በየሰዓቱ ይጽፋል፤ ጎርፍ ነው የሚለቀቅብን። ይሄ ሰው ሲደነግጥ ‹ከልክ አልፏል› ነው የሚለው፤ አውቀዋለሁ። የእሱ ጣቢያ ደግሞ እስካሁን በድሮ ስሙ ነው የተቀመጠው።»

ጻፉና አስገቡት። አፍታም አልቆየ፣ ከነቀኑ ብቅ አለ፦ «ግፊቱ ከልክ አልፏል፤ ሰው ይላክ።» መስመሩ ከመፈንዳቱ በፊት የተላከ ነው። ኦፕሬተሩ እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ኮሚቴው በነጻ አሰናበተው። ተመልሶ መጥቶ የጋሽ ጎተራን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። «ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር!»

ጋሽ ጎተራ ምስጋናውን ጥርግ አድርገው ሊውጡት ሲቃጡ በዓይኔ አየሁ። አዲሷ አንገቷን ደፍታለች።

«እጄን ልቀቅና እሷን አመስግን» አሉ በመጨረሻ። «መንገዱን ያሳየችኝ እሷ ናት።»

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን እንግዲህ ልብ በል። ጥቅሉ እንደታሸገ ይቆያል፣ ዲስኩ አይጨናነቅም፣ የሰው እንጀራ በፍለጋ ብዛት አይቋረጥም። ሁለት ሰዎች የሚያውቁትን ቢደባበቁ ኖሮ ግን ትዕዛዙ ብቻውን ምንም ባልፈየደ ነበር። ይህንኑ ለጋሽ ጎተራ ብነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ አዲሷ ዞሩ።

«የጣቢያዎቹን የድሮ ስም ነገ አስተምርሻለሁ» አሏት። «ግን ነግሬሻለሁ፣ ጠዋት ከእኔ ቀድመሽ እንዳትገቢ። ያንን ትዕዛዝ መጀመሪያ የምጽፈው እኔ ነኝ!»