ለቀብር ያጠፋሁት ሚክሰር

የኮንክሪት ሚክሰር ሞተሩን አጥፍታችሁ በእጃችሁ አዙራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አዙሬያለሁ። መካነ ሰላም ከተማ ዳር፣ በማኅበር ለተደራጁ ሰዎች አነስተኛ ቤቶች ስንሠራ የሚክሰሩ ኦፕሬተር ነበርኩ። አንድ ረፋድ ሆዱን ጠጠርና ሲሚንቶ ሞልቼው ሲያጓራ፣ ከታች በመንገዱ ጀናዛ የተሸከሙ ሰዎች ብቅ አሉ። ቀብር እያለፈ ሞተር አይጮህማ! አጠፋሁት። የኮንክሪቱ ቡኮ ግን ከቆመ ይደርቅብናል። ሞተሩን ከበርሜሉ የሚያያይዘውን ቺንጋ ፈታሁና ከሠራተኞቹ ጋር በርሜሉን በእጃችን እየገፋን ማዞር ያዝን። ጠጠሩ ብቻ ውስጥ ለውስጥ ኮሽ ኮሽ ይላል።

ከቀባሪዎቹ መሀል አንድ ሽማግሌ ተነጥለው ወደ እኛ መጡ። ኮሽታው አስቀይሟቸው ነው ብዬ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን አንገታቸውን አስግገው በርሜሉን አዩና፣ "ምነው ልጄ፣ ተበላሸ እንዴ?" አሉኝ።

"የለም አባቴ፣ ለጀናዛው ብለን ነው ያጠፋነው።"

ወደ ጀናዛው ዞር ብለው አዩ። "ወንድሜ ነው። ከነዚህ ቤቶች አንዱ የእሱ ነበር። ታሞ ከተኛ ወዲህ ጠዋት ይሄ ነገር ሲያጓራ ከሰማ፣ 'አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬም እየሠሩ ነው' ብሎ እህል ይቀምስ ነበር። ዝም ያለ ቀን ይከፋው ነበር። አስነሳው እስቲ፣ እየሰማ ይለፍ።"

ቺንጋውን መልሼ አስነሳሁት። ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች ደንግጠው ዞር ሲሉ፣ ሽማግሌው በእጃቸው "ሂዱ፣ ሂዱ" አሏቸው። ቡኮው ከበቃው ቆይቷል፤ እኔ ግን ቀባሪዎቹ የመንገዱን መታጠፊያ እስኪያልፉ ድረስ እያጓራ ተውኩት እንጂ አላፈሰስኩትም።