የምትኩ ካሴት

በእኛ ጊዜ ዘፈን እንዲህ በስልክ እየገባ እየወጣ አይደለም፣ ካሴት ነው። አንድ አልበም ወጣ ከተባለ ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሙዚቃ ቤት በር ላይ ተኮልኩለን ነው የምንጠብቀው፣ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ነው የሚመጣው፣ እና ካርቶኑ ሲወርድ ባለሱቁ እንደ ሙሽራ ይኮራል፣ «አትጋፉ፣ አትጋፉ፣ ለሁላችሁም ይደርሳል» ይላል፣ ይዋሻል፣ ለሁሉም አይደርስም። አንቺ አትሳቂ። ያኔ አልበም የገዛ ሰው ሙሉውን ነው የሚሰማው፣ መጥፎውንም ዘፈን ጭምር፣ ልለፈው ብለህ ወደፊት ወደኋላ ካልክ ቴፑ ካሴቱን ይበላዋላ። ታዲያ መጥፎውንም ትለምደዋለህ፣ ትለምደውና ትወደዋለህ፣ ልክ እንደ ጎረቤት።

ከሁሉ የምትወደው አልበም የቱ ነው ብለሽ አይደል የጠየቅሽኝ? የምወደው የምትኩን ነው። አታውቁትም፣ ከየት ታውቁታላችሁ። እኔና ምትኩ ሸማኔዎች ነበርን፣ ከደጋው ከጨንቻ ወርደን ሲቀላ አንድ ቤት ተከራይተን፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንሸምናለን፣ መሃላችን ቴፕ። የአማርኛውንም የወላይትኛውንም ሁሉን ሰምተናል፣ እና ምትኩ አብሮ ይዘፍናል፣ ሲዘፍን ደግሞ እኔ መወርወሪያዬን አስቀምጬ እሱን ነው የምሰማው። ቀጭን ድምፅ ነው ያለው፣ የልጅ ድምፅ። ሰውዬው እኮ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ሳታየው ከሰማኸው ግን ገና ጥርሱን ያልነቀለ ትላለህ።

ታዲያ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔ ዘመዶቻችን ሰምተውት አላስቀምጥ አሉ፣ ወሰዱት፣ በቋንቋችን በጋሞኛ አልበም አስቀረጹት። ሽፋኑ ላይ ዱንጉዛውን፣ ያንን የአገራችንን ዥንጉርጉር ሱሪ ለብሶ ቆሟል፣ ካሜራው ያስፈራው ይመስላል። ባለሱቁ መጀመሪያ «ጋሞኛ ማን ሊገዛኝ ነው?» አለ፣ በኋላ ባጃጁ ሁሉ እሱን ብቻ ሲያጫውት ሌላ ካርቶን አዘዘ። ምትኩን ግን ይሄ ሁሉ አላስደሰተውም። «አባቴ ይስማው፣ ሌላው ሁሉ ይቅርብኝና አባቴ ይስማው» ነው የሚለው፣ ስንሸምንም እሱ፣ ስንበላም እሱ።

አባቱ አባባ አንጁሎ ጨንቻ ላይ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። እዚያ ሽማግሌ ጉባኤ ላይ ሲናገር ማንም ቆሞ አይሰማም፣ ሰው ሁሉ ይቀመጣል፣ ሲመርቅም «አሜን» ይላል። ልጅ ጉባኤ ላይ አይናገርም፣ ነውር ነው። ታዲያ ምትኩ ካሴቱን ይዞ ወደ ጨንቻ ወጣ፣ እኔም አብሬው ወጣሁ። አባባ አንጁሎ ቡልኮ ደርበው ከቀርከሃው ቤት ደጃፍ ተቀምጠዋል። ምትኩ ካሴቱን በሁለት እጁ ሰጣቸው። አገላበጡት፣ ፎቶውን አዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ድምፄ ነው፣ አባባ።»

«እዚህ ውስጥ?»

«አዎ፣ ቴፕ ውስጥ ሲገባ ይዘፍናል።»

«ብዙ ሰው ቤት ገብቷል?»

ምትኩ የተመረቀ መሰለው፣ ፊቱ በራ፣ «በጣም ብዙ ቤት» አለ።

አባባ አንጁሎ ካሴቱን መለሱለት። «ድምፅ የሽማግሌ ነው» አሉ። «አንተ ጢምህ እንኳን በቅጡ አልወጣም፣ በማታውቀው ሰው ቤት ሁሉ እየገባህ ትናገራለህ? ስትሸመግል አሰማኝ። እስከዚያ አልሰማህም።»

እና ቁልቁል ስንወርድ ምትኩ «እሺ፣ እሸመግላለኋ» አለኝ፣ ሳቀም። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

አልሸመገለም። ዝናቡ እንዳባራ ወባ ያዘው። ለእኛ ለደገኞች ቆላ እንዲህ ነው፣ እንጀራ ሰጥቶ ሰውዬውን ይወስዳል። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፣ መድኃኒት ሰጡት፣ ተሻለው ስንል አገረሸበት። እና ተኝቶ የሚሰማው የራሱን ካሴት ነው፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ድንጋይ። «ዘግተኸው ተኛ» ስለው፣ «ቆይ፣ እዚህ ጋ ቸኩያለሁ፣ ሁለተኛውን ስሠራ ረጋ እላለሁ» ይለኛል። ሁለተኛውን ይላል እኮ፣ ከትራሱ ቀና ማለት ያቃተው ሰው። ጠዋት ሻይ ይዤለት ስገባ ሞቷል። ቴፑ ቆሟል፣ ቁልፉ እንደተጫነ ነው።

ሬሳውን አገሩ ወሰድነው። የእኛን ለቅሶ ታውቃላችሁ፣ ሜዳ ላይ ነው፣ የሟቹ ዕቃ ተይዞ ይዞራል፣ የአዳኝ ከሆነ ጦሩ፣ ጋሻው። ምትኩ ጦር የለው። አንዱ መወርወሪያውን ያዘ፣ አንዱ ዱንጉዛውን ያዘ፣ እኔ ቴፑን አቅፌ ዞርኩ። ታዲያ አንድ ሽማግሌ ተቆጣ፣ «ይህን ሬዲዮ ከለቅሶ አውጡት!» አለ። «ዕቃው ነው» አልኩና ቴፑን አጥብቄ ያዝኩ። አባባ አንጁሎ ይሄን ሰምተው መጡ፣ ለሐዘኑ ፊታቸውን ጭቃ ተቀብተዋል።

«ልጄ እዚህ ውስጥ ነው ያለው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«አሰማኝ።»

«ድንጋዩ ደክሟል፣ አባባ። በሕመሙ ጊዜ እየሰማ ጨርሶታል።»

«እኔም ደክሜያለሁ። አሰማኝ።»

ድንጋዩን አወጣሁት፣ በእጄ አሸት አሸት አድርጌ መለስኩት፣ እና ቁልፉን ተጫንኩ። ድንጋይ ሲደክም ቴፕ እንዴት እንደሚሆን እናንተ አታውቁም። ካሴቱን ይጎትተዋል፣ ይጎትተዋል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይወፍራል፣ ይዘገያል። ታዲያ ያ የምትኩ የልጅ ድምፅ ወፍሮ፣ ሻክሮ፣ ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው እስኪደርስ ሰው ትንፋሹን እየያዘ፣ ሜዳው ላይ መናገር ጀመረ። አልቃሾቹ መዞሩን ትተው ቆሙ። እኔ አፈርኩ፣ የልጃቸውን ድምፅ አበላሸሁ ብዬ ልዘጋው ስል አባባ አንጁሎ እጄን ያዙኝ።

«ተወው» አሉ። ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙት፣ ሰሙት፣ ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩና፣ «ሽማግሌ እየተናገረ ምን ትቆማላችሁ? ተቀመጡ» አሉ።

ሰው ሁሉ ተቀመጠ። እርጥብ ሣር ላይ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ያ ሬዲዮ አውጡ ያለውም ሰውዬ ተቀመጠ። እሳቸው ራሳቸው ተቀመጡ፣ አባት ለልጁ። ዘፈኑ ዘገየ፣ ዘገየ፣ አንዱ ቃል መሃል ላይ ቆመ። ማንም ሳያዛቸው ሰዎቹ «አሜን» አሉ።

«ታዲያ ጨርሰው ሳይሰሙት ቀሩ?» ልትዪ ነው አንቺ፣ ዓይንሽ ይናገራል። እኔም ያንኑ ብያለሁ። ከቀብሩ በኋላ ሄጄ፣ «አባባ፣ ገበያ ሮጥ ብዬ አዲስ ድንጋይ ላምጣና ቀሪውን ይስሙት» አልኳቸው። ቴፑን ጉልበታቸው ላይ አድርገውታል።

«ተው» አሉኝ። «አዲስ ድንጋይ ብታገባበት ልጅ ይሆንብኛል።»