ላይ ሰሜን፣ ታች ደቡብ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። የተዋስኩትን መጽሐፍ ልመልስ ስቶክሆልም ዳር ቴንስታ ሰፈር ያለው ቤተ መጻሕፍት ስገባ፣ በልጆቹ ክፍል ደጃፍ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች ሲከራከሩ አገኘሁ። እኔ ደግሞ ክርክር ስሰማ እግሬ ከመሬት የሚጣበቅ ሰው ነኝ፤ መጽሐፌን በብብቴ ይዤ ቆምኩ።

አንደኛው ጋሽ ሙሐመድሰዒድ ናቸው። ዕድሜያቸውን ኮምቦልቻ ላይ በጨርቅ ንግድ አሳልፈው በቅርቡ ልጃቸው ባህረዲን ዘንድ የመጡ ጎረቤቴ ናቸው። ሁለተኛዋ ሙፈሪሃት ናት፤ ሥራዋ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ሲሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ልጆችን ሰብስባ ራሷ በጻፈችው የግጥም መጽሐፍ ካርታ ታስተምራለች። ሽማግሌው የመጡት የልጅ ልጃቸውን ኢናስን ከዚህ ትምህርት ሊያስወጡ ነበር።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝ» አሉ። «ሄሰልቢ ሰፈር አንድ አስተማሪ አግኝቻለሁ። ልጆቹን አስቀምጦ፣ ጸጥ አሰኝቶ ፊደል ያስቆጥራል። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ ኢናስ በስዊድንኛ ትመልስልኛለች። አንድ ቀን እንኳ ሳንጨዋወት ልሞት ነው! እዚህ የምትማረው ደግሞ ጭፈራ። ‹ላይ ሰሜን፣ ታች ደቡብ› እያለች ሶፋ ላይ ትዘላለች።»

«አባባ፣ እሱ እኮ ካርታ ነው።»

«ለስድስት ዓመት ልጅ ካርታ ምን ሊያደርግላት? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!»

እኛ ሰዎች ልጅ ሲስቅ ካየን የተማረ አይመስለንም። ዕውቀት እንደ ኮሶ ካልመረረ አይሠራም ብሎ ማን እንዳስተማረን አላውቅም። ሙፈሪሃት ግን አልተቆጣችም፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ በትሕትና ጠየቀቻቸው።

«ይቅርታዎን አባባ። ወሎ ውስጥ ማንበብ የማይችለው ገበሬ ዲኑን በምን ተማረ?»

«በመንዙማ ነዋ!» አሉ ኮራ ብለው።

«መንዙማ ታዲያ ግጥም አይደለም? ሰው እያጨበጨበ፣ እየተወዛወዘ አይደለም የያዘው?»

ጋሽ ሙሐመድሰዒድ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «እሱማ... እሱ የዲን ነገር ነው።»

«እኔም ዘዴውን ከዚያ ነው የወሰድኩት። ቤት የመታ ነገር ከልጅ ልብ አይወጣም። እስቲ ይስሙት» ብላ መጽሐፏን ገለጠች፦

ላይ ሰሜን፣ ታች ደቡብ፤
ከራስጌው ወደ ግርጌው አንብብ።
ፀሐይ ወጣች በቀኝ፣
ምሥራቅ ነኝ ብላ ጠራችኝ።
ጣትህን አኑር ባለህበት፤
እሱ ነው መንገድ የሚጀምርበት።

«ማሻአላህ፣ ቤቱስ ይመታል» አሉ ሽማግሌው። «ግን ካርታ ለሹፌር ነው። እኔ በዕድሜዬ ካርታ ገልጬ አላውቅም፤ ወደ መካ የምሰግድበት ቂብላ ግን ጠፍቶኝ አያውቅም። ቂብላ ሰሜን ነው! አባቴም አያቴም ወደ ሰሜን ነው የሰገዱት። ባህረዲን ስልኩን አምኖ መስገጃዬን ወደ ታች አዙሮ ያነጥፍልኛል፤ እኔም እሱ ሲወጣ መልሼ አዞረዋለሁ።»

ሙፈሪሃት መጽሐፏን ከደነች። ሽማግሌን በሰው ፊት ማረም ከብዷታል። እኔም መልሱን እያወቅሁ ጫማዬን አየሁ፤ አባት የሚያህል ሰው እንዴት ተሳስተዋል ይባላል? ኢናስ ግን ይሉኝታ ገና አልደረሰባትም። ከጓደኞቿ መሃል ሮጣ መጥታ የአያቷን እጅጌ ያዘች።

«አይደለም፣ አባባ! ላይማ በረዶ ነው!»

እየጎተተች ካርታ ወደተዘረጋበት አጭር ጠረጴዛ ወሰደቻቸው። በካርታው ላይ ሙፈሪሃት በልጆቹ ቤት ስማቸው የሚነሣውን ከተሞች በየሥዕላቸው አመልክታለች። ኢናስ የአያቷን ወፍራም ጣት ይዛ ስቶክሆልም ላይ አሳረፈችው።

«ጣትህን አኑር ባለህበት! ይኼ ቤታችን ነው። ኮምቦልቻ እዚያ ታች ናት። መካ ደግሞ መሃል። ከኮምቦልቻ መካ ላይ ናት። ከእኛ ቤት ግን ታች ናት፣ በቀኝ በኩል።»

«አባቴ እኮ ወደ ላይ ነበር የሚሰግደው!»

«አባትህ እዚያ ቆሞ ነበራ! አንተ እዚህ ነህ።»

ሽማግሌው ጣታቸውን ከኮምቦልቻ ወደ መካ ወደ ላይ ሳቡት። ከዚያ ከስቶክሆልም ወደ መካ ወደ ታች አወረዱት። ደገሙት።

«ሱብሃነላህ! ከመጣሁ ጀምሮ ጀርባዬን ነበር የሰጠሁት?»

«ሳያውቁ ነው አባባ» አለች ሙፈሪሃት ቶሎ ብላ፤ «አላህ የልብዎን ኒያ ያውቃል።»

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ቀጥለው ደግሞ ሳቁ። «ሙፈሪሃት፣ ልብ አልሽ? ይህን ሁሉ የነገረችኝ በአማርኛ ነው! ተከራከረችኝ እኮ! አሸነፈችኝ!»

ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ባህረዲን ጋ ደወሉ። «መስገጃዬን አንተ እንዳነጠፍከው መልሰው። ስልክህ አላሳመነኝም፤ ልጅህ ናት ያሳመነችኝ። ሄሰልቢም መሄድ ቀርቷል።»

ይህን የምጽፈው ለወላጆች ነው። ካርታ በግጥም የተማረ ልጅ በባቡር ሲሄድ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። የአያቱ አገር ለእሱ ተረት መሆኑ ይቀርና በጣቱ የሚነካው ቦታ ይሆናል። ግጥሙ በአማርኛ ከሆነ ደግሞ አማርኛው ሳይገፉት ይመጣል፤ ልጅ የሚዘፍንበትን ቋንቋ ለመናገር አያፍርምና። እየሳቀ የተማረውን ማንም አይቀማውም።

ጋሽ ሙሐመድሰዒድ በልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀመጡ። አጨበጨቡና በመንዙማ ዜማ አወረዱት፦

ካርታ ዘርግታ የልጅ ልጄ፣
ቂብላዬን አስያዘችኝ በእጄ።

ልጆቹ ክፍሉን በጭብጨባ አናጉት። ኢናስ ጉልበታቸው ላይ ወጣችና ጆሯቸውን ይዛ «አባባ፣ ድገመው!» አለች።

ደገሙት።