እሺ ባይዋ ላፕቶፕ

እሑድ ረፋድ ላይ ሲቲና ላፕቶፑን በፌስታል አንጠልጥላ የቡርጅ ሐሙድን መንገድ ስትሰነጥቅ ያያት ሰው፣ ኮምፒውተር ልታሠራ ሳይሆን ሰው ልትፈነክትበት የምትሄድ መስሎት ነበር። የጥገና ሱቁ ተዘግቷል። የብረት መዝጊያውን በጫማዋ ደለቀችው።

«እሑድ እኮ አይከፍቱም፣ እትዬ ሲቲና» አለቻት ከኋላዋ አንዲት ቀጭን ልጅ።

ሲፈን ነበረች። ጅማ ኮሌጅ የኮምፒውተር ትምህርት ጨርሳ የመጣች፣ አሁን ጅዴይዴ ውስጥ የሰው ቤት መስኮት የምትወለውል ልጅ ናት። እሑድ እሑድ በሐበሻ ሱቅ ደጃፍ ሰላም ይባባላሉ፤ ከዚያ ያለፈ ትውውቅ የላቸውም።

«ላፕቶፗ ምን ሆና ነው?»

«ጀሚላ፣ አብራኝ የምትኖረው ልጅ፣ ገደለቻት! የፓስፖርቴ ፎቶ እዚህ ውስጥ ነው። ፓስፖርቱን የመጀመሪያዋ አሠሪዬ፣ ማዳሜ፣ እንደያዘችው ቀረች። ረቡዕ ቆንስላው ዘንድ ያንን ፎቶ ይዤ ካልቀረብኩ ያገሬን መግቢያ ወረቀት ማን ይሰጠኛል? ልጅቷን ፍራሽሽን ጠቅልለሽ እስከ ማታ ውጪልኝ ብያታለሁ። ኸላስ፣ በቃ!»

ሲቲና ወረኢሉን ለቃ ዐረብ አገር ከገባች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ናባዓ ሰፈር ውስጥ ከሦስት ሴቶች ጋር የተከራየቻትን አንድ ክፍል እንደ መንግሥት ታስተዳድራለች። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት ልጅ ከዚያች ክፍል ብትወጣ የት እንደምትወድቅ አላሰበችም እንዳንል፣ አስባለች። አስባም «ትውጣ» ብላለች። ንዴት ደግሞ ሰሚ ሲያገኝ ይጋጋላል እንጂ አይበርድም፤ «እስቲ እኔ ልያት» ብላ አብራት ለመጣችው ሲፈን መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ደግማ ነገረቻት።

ክፍሉ ውስጥ ጀሚላ ፍራሿን በገመድ አስራ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሲቲና ቀና ብላም አላየቻት። «ውጪና በረንዳ ላይ ጠብቂ» አለቻት። ልጅቷ ወጣች።

የጄኔሬተሩ መብራት ከመጥፋቱ በፊት መጨረስ ነበረባቸው። ሲፈን ከቦርሳዋ ፍላሽ አውጥታ ሰካች፤ ላፕቶፑን በዚያ በኩል አስነስታ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ቀዳች። ከአንድ ሰዓት በኋላ የፓስፖርቱ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ሲቲና እጆቿን ዘርግታ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ወዲያውም ግንባሯን መልሳ ቋጠረች።

«እንግዲህ እንደነበረች አድርጊልኝና መርሲ ብዬ ልሸኝሽ።»

«እንደነበረች ካደረግኋት በሁለት ሳምንት መልሳ ትበላሽብዎታለች። ስንት ሆናችሁ ነው የምትጠቀሙባት?»

«አራት።»

«በስንት አካውንት?»

«በአንድ ነዋ! ፓስዎርዱም ይኸው፣ ክዳኑ ላይ ለጥፌዋለሁ። እዚህ ቤት የሚቆለፍ ነገር የለም። ይህን ክፍል የተከራየሁ ዕለት የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ራሱ ነቅዬ ጥያለሁ። ማቀዝቀዣው ሳይቀር የተቆለፈበት ቤት ነው የኖርነው እዚህ አገር፤ ያኒ፣ ቁልፍ ስናይ ያመናል።»

ይህ የክፍሉ ሕግ ነበር፤ ሕጉም መልካም ነው። ድስትን፣ ሳሙናን፣ ብርድ ልብስን በዚህ ሕግ መግዛት ያስከብራል። ኮምፒውተር ግን ድስት አይደለም፤ ይህንን ለሲቲና የነገራት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

«ያ አንዱ አካውንት የአስተዳዳሪ ነው» አለች ሲፈን። «በእሱ የገባ ሰው ያሻውን መጫን፣ ያሻውን መንቀል ይችላል። እዚህ እንዳየሁት ጀሚላ ነፃ ድራማ የሚል ነገር አገኘች። ላፕቶፑ ‹ይህ ፕሮግራም ለውጥ እንዲያደርግ ትፈቅጃለሽ?› ብሎ ጠየቃት። እሺ አለች፤ በቃ፣ ተበላሸ።»

«ለምንድን ነው የማታውቀውን እሺ የምትለው? ደነዝ!»

«እርስዎ ለማዳምዎ ስንቴ እምቢ ብለዋል?»

ሲቲና ክዳኑ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት በጥፍሯ ፋቀች።

«ለሁላችንም ይኸው ነው። አንድ ነገር ሲጠይቁን መልሱ ሀደር ነው፤ እሺ ማዳም ነው። ምን እንደጠየቁን እንኳ ሳንሰማ እሺ እንላለን። ጀሚላም ለኮምፒውተሩ እንደዚያው አለች። ስለዚህ የአስተዳዳሪውን አካውንት ለብቻው እናስቀምጠው። አራታችሁም በየስማችሁ መደበኛ የተጠቃሚ አካውንት ይኑራችሁ። በእሱ ድራማ ማየት፣ መጻፍ፣ ቤተሰብ ማነጋገር ይቻላል። አንድ ፕሮግራም ልግባ ሲል ግን የአስተዳዳሪውን ፓስዎርድ ይጠይቃል። ጀሚላ ሺህ ጊዜ እሺ ብትል እንኳ በሩ አይከፈትም።»

ሲቲና ብድግ አለች። ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«ሀራም ነው! ካመለጥንበት ጉድ ልትመልሺን ነው? አንዷ አዛዥ፣ ሦስቷ ታዛዥ! በገዛ ክፍላችን ማዳም ልትሾሚብን! አንቺ ልጅ፣ ትምህርቱን ከእነሱ ነው እንዴ የተማርሽው?»

ሲፈን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገረው። አሁን ግን እሷም ነደዳት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና እትዬ፣ ማዳምማ ዛሬ ጠዋት ተሹማለች። በአንድ ስህተት ‹ፍራሽሽን ጠቅልለሽ ውጪ› ያለው ማነው? እኔ ነኝ? ላፕቶፑ ነው?»

ሲቲና እጇን አነሳች። ሊመታ የተነሳ እጅ ነበር። አየር ላይ ቆየ፣ ከዚያ ወርዶ ጉልበቷ ላይ አረፈ። ይህ ነገር ከማንም ቢመጣ ያማል፤ ከልጅ ሲመጣ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። የመጀመሪያዋ ማዳሟ ከቤት ያባረረቻት በአንድ ብርጭቆ ነበር። ሻንጣዋ ደረጃው ላይ ተወርውሮ እንደተከፈተ ነበር የጠበቃት። ከዚያ ወዲህ ያንን ቀን ስትረግም ኖራለች።

«አስተዳዳሪው ማን ይሆናል?» አለች። ድምፅዋ አሁንም ቁጡ ነው። «እኔ ብሆንስ፣ የልጆቹን ጉዳይ ከፍቼ ማየት እችላለሁ?»

«አልዋሽዎትም። አስተዳዳሪ ከፈለገ የሌላውን ፋይል መክፈት ይችላል።»

«እንግዲያውስ ማዳም ነው!»

«አንድ ሰው ከያዘው፣ አዎ። ስለዚህ ፓስዎርዱን ለሁለት እንክፈለው። ግማሹን እርስዎ፣ ግማሹን ሌላ ሰው ይያዝ። አዲስ ነገር ሲጫን ሁለታችሁ አብራችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ታነባላችሁ፤ ትማከራላችሁ። ከዚያ ውጪ እርስዎም እንደሌሎቹ በመደበኛው ነው የሚገቡት። እርስዎም እኮ እሺ ማለት ለምዶብዎታል።»

ሲቲና ሳትወድ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። «ሁለተኛው ሰው ማን ይሁን?»

ሲፈን ወደ በረንዳው ብቻ አየች።

በመጀመሪያ የሲቲና አካውንት ተከፈተ። ሲፈን የፓስዎርዱን ሳጥን አሳየቻትና ተነስታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ምነው? ምን አየሽ?»

«ምንም። የእርስዎ ምስጢር ነው፤ እኔ ማየት የለብኝም። ይጻፉ።»

የሲቲና ጣቶች ፊደሎቹ ላይ ቆሙ። በዚህ አገር ሻንጣዋ ተፈትሿል፣ ፍራሿ ተገልብጧል፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ እንኳ በር ተንኳኩቶባታል። ለእሷ ሲል ፊቱን ያዞረላት ሰው ግን አልነበረም። ንዴቷ እንደ አዲስ ተነሳ፤ በጀሚላ ላይ ግን አልነበረም። ዓይኖቿን በሻርፗ ጠርጋ ጻፈች፤ ቀጥላም የአስተዳዳሪውን ፓስዎርድ የመጀመሪያ ግማሽ አስገባች።

ከዚያ «ጀሚላ!» ብላ ጮኸች።

ልጅቷ እየፈራች ገባች፤ የፍራሹን ገመድ ይዛለች።

«አስቀምጪው እሱን! ስሚኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ በራስሽ ስም ትገቢያለሽ። ያንቺን ወረቀት ማንም አይነካም፣ አንቺም የእኔን አትነኪም። ድራማሽን እይ፤ ባሰኘሽ ሰዓት ይሁን። ፕሮግራም ልጫን የሚል ነገር ሲመጣብሽ ላፕቶፑ ራሱ ያስቆመዋል፤ ተሳሳትሽ ተብለሽ ከቤት አትባረሪም። የስልክሽንም የወረቀትሽንም ፎቶ አስገቢበት፤ አይጠፋብሽም። ሁሉን የሚያዘውን ፓስዎርድ ደግሞ እኔ ብቻዬን አልይዘውም። ሰው ብቻውን ሲይዝ ምን እንደሚሆን ዛሬ በራሴ አየሁት።»

ጀሚላ ነገሩ ሁሉ ግራ ገብቷት ሲፈንን አየች፣ መልሳ ሲቲናን አየች።

«ልሂድ ወይስ...?»

«የት ነው የምትሄጂው? ያላ፣ ተቀመጪ! የዚያን ፓስዎርድ የመጀመሪያ ግማሽ እኔ ጽፌያለሁ። ቀሪው ያንቺ ነው። ለእኔም እንዳትነግሪኝ።»

ይህን ብላ ሲቲና፣ ያቺ ክፍሉን እንደ መንግሥት የምትገዛው ሴት፣ ከሲፈን ጎን ሄዳ ቆመችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከኋላቸው ጀሚላ በአንድ ጣቷ ፊደሎቹን መጫን ጀመረች።