ቀይ ባሕርን የተቆጣው ጋሽ በራሶ

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ከዲላ ቡና ጭኜ አሰብ ስወርድ ጋሽ በራሶ «ባሕር ሳላይ አልሞትም» ብሎ አብሮኝ ተሳፈረ። ሥራው ከዲላ ወዲያ ጨለለቅቱ ከተማ ባለ ቡና ማጠቢያ የቦዩን ውኃ መጠበቅ ነው። ቡናውን ካራገፍን በኋላ አንድ ዓሣ አጥማጅ በጀልባው ይዞን፣ ጨው ውኃ ውስጥ የበቀለ ጫካ ሊያሳየን ወሰደን። በዛፎቹ ሥር ጥቃቅን ዓሣ ይርመሰመሳል። ምሳ በልተን ሸለብ አደረገን። ስንነቃ ውኃው የለም! ጀልባችን ጭቃ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ሸርጣኖች ዙሪያዋን ይሯሯጣሉ። ዓሣ አጥማጁ ግን ደንታም አልሰጠው፤ «ባሕር ይሄዳል፣ ይመጣል» አለን።

ጋሽ በራሶ ቱግ አለ። «ዝም ብሎ የሚሄድ ውኃ የለም! ከላይ የጠለፈው ሰው አለ!» እኛ አገር ቦይ ሲደርቅ ሽቅብ ወጥቶ ከጠላፊው ጋር መጣላት ነው እንጂ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለማ! ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ገባና ወደ ባሕሩ ጮኸ፦ «አንተ ሰውዬ! ውኃውን ልቀቅ! እኛስ ሰው አይደለንም?» እኛ በሳቅ ሞትን። እሱ እየጮኸ፣ ድምፁ እየሰለለ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ውኃው ቀስ እያለ መጣ፤ ጀልባዋም ተነሣች። «አያችሁ? ሰምቷል!» አለን። ላስረዳው ብሞክር «አንተ መኪናህን ንዳ» አለኝ። አገር ቤት ስንመለስ ይህንኑ ለሰው ሁሉ አወራ። ከዚያ ወዲያ ከላይ ያሉት ውኃ ጠላፊዎች ገና በሩቁ ሲያዩት ቦዩን ይለቁለታል። ቀይ ባሕር የፈራውን ሰው እነሱ በምን አቅማቸው ይደፍሩታል?