እንጉዳይን በአርባ ዓመታቸው የተማሩት ባና ቺታሉ

ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ በዚህ ጥላ ሥር የተቀመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ዛሬ ወደ አፈር የምንሸኛቸው ፌሊሲታ ሎምቤ፣ በመጀመሪያ ልጃቸው ስም ባና ቺታሉ፣ የቺታሉ እናት፣ እያልን ስንጠራቸው የኖርነው እናታችን፣ እንዴት እንደ ኖሩ በአጭሩ እንድትሰሙ ቤተ ሰቡ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቷል።

ባና ቺታሉ በመዳብ ከተማዋ በኪትዌ፣ ከመሬት በታች ድንጋይ በማፈንዳት ሥራ ይተዳደሩ ከነበሩት ከአባታቸው ከአቶ ዳማስ ንጎሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሞኒካ ካቶንጎ ተወለዱ። የአገራችን ነፃነት በታወጀበት ዓመት ፊደል የቆጠሩ ልጅ ስለ ነበሩ በሰልፉ ላይ ባንዲራ ይዘው ከመነኮሳቱ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ተሰልፈዋል፤ በዚያው ትምህርት ቤት ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሱ በኋላም ድምፃቸው ጥርት ያለ በመሆኑ በማዕድኑ መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀጥረው ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። በዚያም ሳሉ የማዕድኑን ባቡር ይነዱ ከነበሩት ከአቶ ላባን ካፔምብዋ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብተው ቺታሉን፣ ፓስካልንና ኤልናን አፍርተዋል። በእነዚያ ዓመታት እንጉዳይን የሚያውቁት ከባለቤታቸው አገር ደርቆ በጆንያ ሲመጣላቸው ብቻ ነበር፤ ኋላ ራሳቸው እየሳቁ እንደሚናገሩት፣ እንደ ጎመን በሰው ጓሮ የሚበቅል ይመስላቸው ነበር።

ማዕድኑ ተሸጦ ሠራተኛው ሲበተን አቶ ላባንም ባና ቺታሉም በአንድ ወር ውስጥ ሥራ ፈትተው፣ ዕቃቸውን በጭነት መኪና ጭነው በካሳማ አጠገብ ወዳለችው ወደ አቶ ላባን አገር፣ ወደዚህች ወደ ቺሳንጋ ገቡ። ባና ቺታሉ ያን ጊዜ አርባን አልፈዋል። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ሴቶቹ ቅርጫት ይዘው ወደ ጫካ ሲወጡ እርሳቸውም በከተማ ጫማቸው ተከትለው ሄዱ፤ ያገኙትንም ሁሉ፣ ቀዩንም ነጩንም፣ በፕላስቲክ ከረጢት አጭቀው ሲመለሱ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

«የማዞሪያዋ እመቤት!» አለች አንዷ፤ «እስቲ ደውይለትና ስሙን ጠይቂው!»

ያልሳቁት የባለቤታቸው ታላቅ እህት ባና ንሶፍዋ ብቻ ነበሩ። ከረጢቱን ተቀብለው በሣር ላይ ገለበጡት፤ አንድ በአንድ እያነሡ ወደ ገደሉ ወረወሩና አንዲት ብጫ ብቻ አስቀሩ።

«ዘንድሮ ይችን ብቻ ነው የምታውቂው» አሏቸው፤ «ለከርሞ ሌላ እጨምርልሻለሁ።»

«አንድ ብቻ? ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?»

«ይችን እየበሉ ይቆዩሻላ።»

ባና ቺታሉ እንዲህ ሆነው ተማሩ፤ ትምህርቱም አዝጋሚ ነበር። በፕላስቲክ የታፈነ እንጉዳይ ስለሚበላሽ አየር በሚያገባ ቅርጫት መልቀምን፣ የሚያውቁትን ከማያውቁት ጋር በአንድ ቅርጫት አለመቀላቀልን፣ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን የቆቡን ታችኛ ገጽ፣ ሽታውንና የበቀለበትን ዛፍ ማየትን፣ ገና ያልፈካውንና ያረጀውን ለጫካው መተውን፣ በኩይሳ ላይ የበቀለውን ሲነቅሉ የምስጡን ቤት አለመቆፈርን፣ በደንብ አብስሎ አዲስ ዓይነትን በመጀመሪያው ቀን በጥቂቱ ብቻ መቅመስንና ለሕፃን አለመስጠትን፣ ከተበላውም አንድ ሳይበስል አስቀርቶ ማቆየትን፣ ምናልባት የታመመ ቢኖር ሐኪሙ ዓይቶ እንዲያውቀው፣ ይህን ሁሉ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ያዙ። ከሁሉ በላይ የተነገራቸው ግን ስለ ነጩ ነው። ከሥሩ በአፈር ውስጥ እንደ ስኒ ያለ ነገር የታቀፈውን ነጭ እንጉዳይ ጀማሪ ፈጽሞ አይነካውም፤ ከዚያ ወገን አዋቂዎቹ የሚበሉት እንዳለ ሁሉ፣ ቤተ ሰብ የሚጨርስም አለበትና።

ልጃቸው ቺታሉ በታጨች ጊዜ፣ እንደ አገራችን ደንብ የሙሽራዋ ወገን ለሙሽራው ቤት የምግብ ዓይነት ሁሉ ሠርቶ በሚወስድበት ቀን፣ ባና ቺታሉ በገዛ እጃቸው የለቀሙትን እንጉዳይ በኦቾሎኒ ሠርተው በትልቅ ድስት አቀረቡ። አዋቂዎቹ ከሚበሉት ከነጩ ነበር። እንግዶቹ እጃቸውን ታጥበው ሳለ ባና ንሶፍዋ ክዳኑን ከፍተው አዩና በጆሯቸው ጠየቋቸው።

«ሥሩን አይተሽዋል?»

«አፈር እንዳይነካው ብዬ እዚያው በቢላ ቆርጬ ነው ያመጣሁት። ግን እሱ ነው፣ አውቀዋለሁ!»

«ሥሩ የታለ ነው የምልሽ?»

«ጫካ ቀረ አልኩዎት እኮ! በእንግዳ ፊት አያዋርዱኝ፣ እባክዎ።»

ባና ንሶፍዋ ድስቱን አንሥተው በአማቾቹ ፊት ከነወጡ አመዱ ላይ ደፉት። የሙሽራው አክስት «ይህ ቅናት ነው» አሉ፤ ሌላው «ንቀት ነው» አለ፤ ሰርጉ ባይፈርስም የድስቱ ወሬ ግን ከሰርጉ ወሬ ይልቅ ረጅም መንገድ ሄደ። በድስቱ ውስጥ የነበረው ደኅናው ይሁን ክፉው፣ ሥሩ በጫካ ቀርቷልና፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ባና ቺታሉ ደኅናው እንደ ነበረ አልተጠራጠሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ቤተ ክርስቲያን እያስቀደሱ፣ ከአንድ ጉድጓድ ውኃ እየቀዱ፣ ከአሥር ዓመት በላይ አልተነጋገሩም።

ይሁንና ከማዕድኑ ከተሞች ሥራ ያጡ ሰዎች እየተመለሱ ሲመጡ፣ አዲስ የተመደቡ መምህራንም ሲጨመሩ፣ የሚያስተምራቸው ሰው ሲፈልጉ ወደ ባና ቺታሉ ቤት ይሄዱ ነበር፤ እንዳይሳቅባቸው የሚፈሩ ሰዎች መጀመሪያ የተሳቀባትን ሴት ይመርጣሉና። እርሳቸውም ቅርጫታቸውን ይገለብጡላቸዋል፤ ሥሩ የተቆረጠ ነጭ እንጉዳይ ካገኙም ሳይጠይቁ ወደ አመድ ይጥሉታል። አንድ መምህር «የእርስዎስ ድስት ደኅናው ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ታዲያ የኔን ለምን ይደፉታል?» ቢላቸው፣ «የኔ የኔ ነው፤ አንተ ያንተን ሥር አምጣ» ብለው ዘጉት። በከሰል አክሳዮች እየተመነጠረ የነበረው የምዕራቡ ተረተርም እንጉዳዩ ያለ ዛፎቹ እንደማይበቅል ለአገሩ አለቃ አመልክተው እንዲከለል ጠይቀዋል፤ ግማሹ ቀርቷል፣ ግማሹ ተቆርጧል።

አቶ ላባን ካረፉ በኋላ ባና ቺታሉ የስኳር ሕመም ጸናባቸውና ዓይናቸው ይደክም ጀመር። ባለፈው ዓመት ዝናብ ሲገባ አንዲት ወጣት ነርስ ቅርጫቷን አምጥታ ብታቀርብላቸው፣ ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ መልሰውም ሰጧት።

«ዓይኔ አልለየውም። ያላየሁትን ብሉ አልልም።»

«እርስዎ እኮ በማሽተት ብቻ ያውቁታል፣ እማማ!»

«አላውቅም አልኩሽ። ባና ንሶፍዋ ዘንድ ሂጂ።»

ያን ስም ከአፋቸው የሰማ ሰው ድስቱ ከተደፋበት ቀን ወዲህ አልነበረም። ነርሷም ሄዳ የባና ቺታሉን ዓይን ነገር አወራቻቸው፤ ባና ንሶፍዋ ግን እዚያው ቆይተው ቅርጫቱን በማየት ፈንታ በትራቸውን አንሥተው ወደ ባና ቺታሉ ቤት መጡና ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

«ዓይንሽ መጥፋቱን ከነርስ ልስማ?»

«መቼ ጠየቁኝ?»

«አሁን ጠየቅኩሽ።»

«ጠፍቷል» አሏቸው ባና ቺታሉ።

ከዚያ ወዲያ ዝናቡ እስኪያልፍ ድረስ አንዷ እያየች ሌላዋ እየጠየቀች የሰውን ቅርጫት አብረው ለዩ። ስለ ድስቱ ያነሡ እንደ ሆነ ከቤተ ሰቡ የሰማ የለም።

ባና ቺታሉ በዚህ ክረምት ሕመሙ ጸንቶባቸው በከተማው ሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው፣ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ በጠየቁት መሠረት ተመልሰው፣ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐርፈዋል።

ወይዘሮ ቺታሉ፣ አቶ ፓስካልና ወይዘሮ ኤልና ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ሰባት የልጅ ልጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። ይህ ጽሑፍ ትናንት ለቤተ ሰቡ ሲነበብ ባና ንሶፍዋ ከአማቾች ተርታ ተጽፈው ነበር፤ እርሳቸው ግን ከዚያ እንዲሰረዙ አዝዘዋልና እንዳሉት እናነበዋለን፤ እህታቸው ባና ንሶፍዋም ከኋላቸው ቀርተዋል።

የሰማይና የምድር ጌታ የእናታችንን የፌሊሲታ ሎምቤን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።