በግራቸው በኩል ለቆማችሁ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ታላቅ እህቴ እትዬ ከአናጺው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታችን ሲሞቱ ትምህርታቸውን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠው በእናታችን የስፌት መኪና ላይ ተቀመጡ፤ እኔንም ያስተማሩኝ የደንብ ልብስና መጋረጃ እየሰፉ ነው። በልጅነታቸው ያገኙትን ሁሉ ሰላም ሳይሉ ስለማያልፉ፣ ዳቦ ተልከው ሲመለሱ ዳቦው ቀዝቅዞ ነበር ቤት የሚደርሰው።

ከአውቶቡስ ሹፌር ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ልጅ ወለዱ። አዲሱ ቤታቸው በገቡበት ሳምንት፣ ባለቤታቸው ወንበር ላይ ቆመው፣ እኔም ወንበሩን ይዤ፣ እትዬ የሰፉትን መጋረጃ ስንሰቅል፣ የመጋረጃው እንጨት ከሚስማሩ ሾልኮ በጫፉ ከታች የቆሙትን የእትዬን ግራ ዓይን መታው። ዓይናቸው ደም ቋጠረ፣ ዙሪያው ጠቆረ። ሰፈሩም ወሬውን ቆላው፤ የባል ቡጢ ነው እንጂ የምን መጋረጃ ተባለ። ባለቤታቸው በጸጸት እህል አልቀምስ ቢሉ፣ እትዬ እብጠቱ እንደጎደለ፣ ድኛለሁ፣ አጥርቼ አያለሁ ብለው ሁሉንም አሳረፉ።

አልዳኑም ነበር። ከወራት በኋላ እኔ ብቻ አብሬአቸው ሄጄ፣ ሐኪሙ በምቱ ምክንያት የዓይናቸው ግፊት ጨምሮ ነርቩን እንደገደለውና ብርሃኑ እንደማይመለስ ሲነግራቸው ሰማሁ። ከውጭ ለሚያየው ግን ዓይኑ እንደ ድሮው ያማረ ነበር። እትዬም ባሌ ሰምቶ ከሚሰበር፣ ሰፈሩም አሳወራት ከሚለው ሆድ ይፍጀው ብለው አስማሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በግራቸው የሚመጣውን ሰው ስለማያዩ ዝም ብለው ያልፉ ጀመር፤ ኩሪት የሚል ስምም ወጣላቸው። ሻይ ሲቀዱ ውጭ እንዳይፈስባቸው የማንቆርቆሪያውን አፍ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ማስደገፋቸው እንኳ ቅብጠት ተባለ። ባለቤታቸውን ሁልጊዜ በቀኛቸው ስለሚያስኬዷቸው፣ እሳቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ምኑም ሳይገባቸው ሚስቴ ከቀኟ ልታጣኝ አትወድም እያሉ ይኩራሩ ነበር። እሳቸው ካረፉና ልጃቸውም አግብታ ሩቅ ከሄደች በኋላ የእትዬን በር የሚያንኳኳ ጠፋ። እትዬ፣ እንዴት አደርሽ የሚለኝ ሰው ናፈቀኝ ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ እውነቱን ይናገሩ ብዬ ብለምናቸው ግን፣ የሞተ ሰው አፍ የለው፣ ስሙ ሲነሳ ማን ይመልስለታል ብለው እምቢ አሉኝ።

በልብ ሕመም አልጋ ላይ በዋሉባቸው ወራት ግን መሐላዬን አነሱልኝ፤ ስሞት ተናገር፣ ንቃን ሞተች እንዳይሉኝ፣ ባሌንም ከሐሜቱ ነጻ አውጣው አሉኝ። ወንበሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ እነሆ ያየሁትን መሰከርኩ።

እትዬ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና እኔን ወንድማቸውን ትተው ትናንት አርፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከወዳጃቸው ከባለቤታቸው ጎን ያሳርፍልን። በግራቸው ቆማችሁ ሰላምታ የጠበቃችሁ ጎረቤቶች፣ አላዩአችሁም ነበርና፣ የዚያን ሁሉ ዓመት ሰላምታ ዛሬ ከእኔ ተቀበሉላቸው። እንደምን ዋላችሁ ብለዋችኋል።